ልብና ሻጋታ ምን አገናኛቸው?

በክረምት እንጀራ ሦስተኛ አራተኛ ቀኑን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሶቡ ሲከፈት መጀመሪያ ሽታው ይቀበለናል። ቀጥሎ በእንጀራው ዓይኖች መካከል ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቅ ብቅ ሲል ይታያል፤ ካደረ ደግሞ ወደ አረንጓዴና ወደ ጥቁር ይዞራል። እናቶቻችን እንዲህ ያለውን እንጀራ ለሰው አያቀርቡም። ልክ ናቸው፤ የሻገተ ነገር መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ መድኃኒትም አይሆንም።

ዛሬ ግን ስለዚሁ ስለምንጥለው ነገር ላጫውታችሁ ነው፤ ያውም ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዤ። የሰው ደረት ተከፍቶ ልብ በሚጠገንበት ክፍል ውስጥ ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ ሻጋታ ነው። አየሩ ተጣርቶ ይገባል፣ ግድግዳው ይታጠባል፣ ጨርቁ በእንፋሎት ይቀቀላል። በዚያው ክፍል አንዲትን በሽተኛ ቀዶ ሕክምናውን አሳልፈው፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜ የሚሰጧትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው ደግሞ ብዙዎቹ ዘራቸውን ከሻጋታ ይቆጥራሉ። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል፤ ብቻዬን ከምደነቅ እናንተም ስሙት ብዬ ነው። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሻጋታ ፈንገስ ከሚባለው ወገን ነው። ለአብዛኞቻችን የፈንገስ በሽታ ማለት ጭርት ነው፤ ተማሪ ልጅ ራስ ላይ ክብ ሠርቶ ፀጉር የሚያረግፈው። ቋቁቻም አለ፣ የእግር ጣቶች መካከል የሚላላጠውም አለ። እነዚህ ያሳክካሉ፣ ያሳፍራሉ፣ እንጂ አይገድሉም። ሊቃውንት ስም ያወጡላቸው የፈንገስ ዝርያዎች ከ150,000 አያንሱም፤ ሰውን የሚያሳምሙት ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ምክንያት የገላችን ሙቀት ነው። አብዛኛው ሻጋታ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ቪንሰንት ሮበርትና አርቱሮ ካሳዴቫል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 እንዳሳዩት፣ ሙቀቱ ከ30 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ በእያንዳንዷ ዲግሪ 6 በመቶ ያህል ዝርያዎች መኖር ያቅታቸዋል። 37 ዲግሪ ሆነን መኖራችን ራሱ አጥር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው አጥር የደማችን ነጭ ሕዋሳት ናቸው። ይህ አጥር ሲፈርስ ምን እንደሚሆን አገራችን በኤችአይቪ ዘመን አይታለች። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት አፉና ጉሮሮው በነጭ ነገር ተሸፍኖ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ወይም ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ አንጎል ሽፋኑ ላይ ደርሶ በራስ ምታት ሲሰቃይ የሞተ ሰው ያላስታመመ ሰፈር ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ 19 አደገኛ ፈንገሶችን ለይቶ ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከፊተኞቹ አራት መካከል አንዱ ይኸው ክሪፕቶኮከስ ነበር።

አሁን ወደ ልብ እንሂድ። አንዲት ልጅ አስቡልኝ። ስም አልሰጣትም፤ እንደሷ ያሉት እልፍ ናቸውና።

ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉሮሮዋን አመማት። «ቶንሲል ነው» ተባለ። ሻይ በዝንጅብል ጠጣች፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ እንጥል ማስቆረጥ ይቀድማል። በሳምንቱ ተሻላት፣ ተረሳም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አብጦ ትኩስ ሆነ፤ እሱ ሲተዋት ክርኗን ያዛት። «ብርድ መቷት ነው» አሉ። ያም አለፈ። ያላለፈው ግን ውስጥ ነው። ጉሮሮዋን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነበር፤ ገላዋ እሱን ሊዋጋ ያወጣው ጦር የራሷን የልብ ቫልቮች እንደ ጠላት ቆጠራቸው። ቫልቮቹ፣ የልብ በሮች ልንላቸው እንችላለን፣ በየጊዜው እየቆሰሉና እየጠገጉ ጠርዛቸው ተጣበቀ፣ ደነደነ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ዳገት መውጣት አቃታት። ማታ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትራስ ደርባ ተቀምጣ ታድራለች። ኢኮ የተባለውን የልብ ምርመራ ስትነሳ «የልብ ቫልቭሽ ጠቧል» ተባለች።

ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 55 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኸው ሕመም እንዳለበት፣ በየዓመቱም 360,000 ያህሉ እንደሚሞት ይናገራል። ሀብታሞቹ አገሮች ከረሱት ቆይተዋል። እኛ ዘንድ ግን ገና ትምህርት ቤት የሚገኝ በሽታ ነው።

የሚያንገበግበው፣ ይህ ሁሉ በአንድ የሻጋታ መድኃኒት ይቆም የነበረ መሆኑ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ ባክቴሪያ ያራባበት ሳህን ላይ ፔኒሲሊየም የተባለ ሻጋታ አርፎ፣ ዙሪያውን ያለውን ባክቴሪያ ሲያጠፋ አየ። በነገራችን ላይ እንጀራ ከሚያሻግቱት ወገኖች አንዱ ፔኒሲሊየም ነው፤ ዝርያው ግን ብዙ ስለሆነ ሁሉም መድኃኒት አይሰጥም። ፍሌሚንግ ያየውን ነገር ወደ መድኃኒትነት የለወጡት ኦክስፎርድ የነበሩት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ ናቸው። በብዛት ለማምረት የበቃው ዝርያ ደግሞ በ1943 ፒዮሪያ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ገበያ ከተገኘ የሻገተ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ላይ ተለቀመ። ጉሮሮዋን ባመማት በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ብታገኝ ልጃችን የልብ በሽተኛ ላትሆን ትችል ነበር።

አላገኘችም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋታል።

መቶ ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ የእሷን አቻ ለንደን ውስጥ እናገኛታለን። በ1925 ሄንሪ ሱታር የተባለ ቀዶ ሐኪም በዚሁ በሽታ ቫልቭዋ የተጎዳ የ15 ዓመት ልጅ ደረት ከፈተ። ልቧ እየመታ ነው፤ የሚያቆመው መንገድ አልነበረም። ከልቧ የግራ የላይኛው ክፍል ጫፍ ላይ በስቶ፣ በዚያች ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ ቫልቩን ከውስጥ ዳሰሰው፣ አላቀቀውም። ልጅቷ ዳነች፣ ለዓመታትም ኖረች። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ሐኪም ሌላ በሽተኛ አልላከለትም። ልብ የሚነካ አካል አይደለም የሚለው እምነት ጠንካራ ነበር። የእሱ ሥራ እንደገና እስኪሠራ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ መሐል ስንት ሰው እንደ ሞተ ማሰብ ይከብዳል።

ትልቁ ችግር ጊዜ ነበር። ልብ ከቆመ አንጎል የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ደግሞ ቫልቭ አይሰፋም። ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ወጣት ሳለ ቦስተን ውስጥ የሳንባ የደም ሥርዋ በረጋ ደም የተዘጋባት ሴት አጠገብ ሲያስታምም አደረ። ደሟን ከውጭ አዙሮ አየር የሚሰጣት ነገር ቢኖር ትተርፍ ነበር ብሎ አሰበ። ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ሆነው መንገድ ላይ የተገኘ ድመት ሳይቀር እየያዙ ሲሞክሩ 20 ዓመት ያህል ቆዩ። ግንቦት 6 ቀን 1953 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ ሥራቸውን ለማሽን ለቀው ለ26 ደቂቃ አረፉ፤ ጊበንም በልቧ ክፍሎች መካከል የነበረውን ቀዳዳ ሰፍቶ ዘጋ። ቀጥለው የተሠሩት በሽተኞች ሲሞቱበት ጊበን ራሱ ሥራውን ተወው፤ ሌሎች ግን ከእሱ ተቀብለው ቀጠሉበት። በ1960 አልበርት ስታር የተባለ ቀዶ ሐኪምና ሎዌል ኤድዋርድስ የተባለ ጡረተኛ መሐንዲስ ተባብረው በትንሽ የብረት ቀፎ ውስጥ ወጣ ገባ የምትል ኳስ ያላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሠሩ። ሰው በሌላ በር መኖር ጀመረ።

ልጃችንን አሁን የቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ እንከተላት። ከመቆረጧ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥርዋ ሴፋዞሊን የተባለ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ነው። ይህ መድኃኒት ሴፋሎስፖሪን ከሚባለው ዘር ነው። ዘሩ የመጣው ጁሴፔ ብሮትዙ የተባለ ጣሊያናዊ በ1945 ሰርዲኒያ ደሴት ላይ የካልያሪ ከተማ ቆሻሻ ውኃ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ ካገኘው ሻጋታ ነው። እንግዲህ ገና ምላጩ ሳይነካት ሻጋታ አብሯት ገብቷል።

ማደንዘዣው ይዟታል። የደረት አጥንቷ ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ይከፈታል። ሄፓሪን ተሰጥቷት ደሟ መርጋት ሲያቆም ወፋፍራም ትቦዎች ይገቡላትና ጥቁር ቀይ ደሟ ወደ ማሽኑ ይወርዳል፤ ደማቅ ሆኖ ይመለስላታል። በዚህ ጊዜ ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልቧ ሥሮች ይፈስሳል። ልቧ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። የደነደነው ቫልቭ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው አዲሱ በዙሪያው በክር ይሰፋል። ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ባለሙያ ዓይኑን ከደሙ መጠን ላይ አያነሳም። ሲያልቅ ልቧ ሞቅ ባለ ደም ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው ራሱ መምታት ይጀምራል።

አዲሱ ቫልቭ የብረት ከሆነ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። ደም ባዕድ ነገር ላይ መርጋት ይወዳል። የረጋው ቫልቩን ሊዘጋ፣ ተቆርጦም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ደም ማቅጠኛ ትውጣለች፤ ስሙ ዋርፋሪን ነው። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ቆሜ ላውጋችሁ።

በ1920ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ከብት ያለ ምክንያት ይሞት ነበር። ቀንዱ የተቆረጠ፣ የተኮላሸ ወይፈን ደሙ አልቆም ብሎ ያልቃል። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ነገሩ ከድርቆሽ እንደሆነ ደረሰበት። ከብቱ የሚበላው ስዊት ክሎቨር የተባለ መዓዛ ያለው ሣር ነው። ሣሩ ደኅና ሲሆን ከብቱም ደኅና ነው፤ ዝናብ መቶት ሲሻግት ነው የሚገድለው። ገበሬው ግን ድህነት ይዞት ስለነበር የሻገተውን ከመጣል ማብላት መረጠ። በየካቲት 1933 ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሰን ገበሬ ከብቱ ሲያልቁበት የሞተች ጊደር፣ የሻገተ ድርቆሽና አልረጋ ያለ ደም የሞላበት የወተት ጀሪካን ጭኖ በበረዶ ማዕበል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማዲሰን ከተማ ገባ። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና የግዛቱ እንስሳት ሐኪም ቢሮ ተዘግቷል። በር ከፍቶ ያገኘው ካርል ሊንክ የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ሠራተኞቹን ይዞ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ነበር።

ሊንክ ያንን ደም አልረሳውም። ስድስት ዓመት ለፍቶ በ1939 ከሻገተው ሣር ውስጥ ደሙን የሚያቀጥነውን ነገር ለይቶ አወጣ። ሣሩ ላይ መዓዛውን የሚሰጠው ኩማሪን ለብቻው ደም አያቀጥንም፤ ወደ መርዝነት የሚቀይረው ሻጋታው ነው። ከዚያ ግኝት ተነሥተው የሠሩት ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በዓመቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው እሱኑ ወሰዱ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ማታ ማታ የሚውጣት ትንሽ ክኒን ከዚያ ጀሪካን ጀምራ የመጣች ናት።

ክኒኗ ትንሽ ብትሆንም ክትትሏ ከባድ ነው። ከበዛች ያደማል፣ ካነሰች ይረጋል፤ ለዚህ ነው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ በየጊዜው የሚሠራው። ጎመን በብዛት ስንበላ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ጎመን ክልክል ነው ማለቴ አይደለም፤ አበላሉ ከሳምንት ሳምንት ካልተለዋወጠ መጠኑ ይስተካከላል። ለሚጾም ሰው ግን ጾም ሲገባና ሲፈታ ማዕዱ ስለሚለወጥ ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው። ከዚህ የሚብሰው የወጣት ሴቶች ነገር ነው። ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳል፤ ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ብረቱን ወይስ ከእንስሳ አካል የሚሠራውን ቫልቭ ታድርግ የሚለው ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከእሷ ጋር ተቀምጦ መመከር አለበት። ከእንስሳ የሚሠራው ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ አያስወስድም፣ ግን በወጣት ገላ ቶሎ ያረጅና ደረት ዳግም ያስከፍታል። ከበሬ የሚሠራም ከአሳማ የሚሠራም ስላለ፣ ሃይማኖቷን ያሰበች ሴት ይህንንም መጠየቅ መብቷ ነው።

ቫልቭ ሲበላሽ ይቀየራል፤ ልቡ በሙሉ ሲደክምስ? ክርስቲያን ባርናርድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ኬፕታውን ውስጥ በመኪና አደጋ የሞተች የ25 ዓመት ወጣት ልብ ሉዊስ ዋሽካንስኪ ለተባለ በሽተኛ ተከለ። ዓለም ጉድ አለ። ዋሽካንስኪ የሞተው በ18ኛው ቀን ነው፤ የተተከለው ልብ እየመታ የገደለው የሳንባ ምች ነበር። ገላው ባዕዱን ልብ እንዳያባርር ሲሉ መከላከያውን ስላዳከሙት ጀርሙ በባዶ ቤት ገባበት። በቀጣዩ ዓመት በየአገሩ 100 ያህል ልብ ተተከለ፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሞቱ። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ተዉት። ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ የነበረው ኖርማን ሹምዌይ ግን ከነቡድኑ አልተወም። ለእኔ የልብ ንቅለ ተከላ ጀግና እሱ ነው። ካሜራው ዞሮ ሲሄድ ለአሥር ዓመት በጸጥታ መሥራት ከመጀመሪያው ምሽት ይበልጥ ከባድ ነው።

መፍትሔው ከየት መጣ መሰላችሁ? ሳንዶዝ የተባለው የስዊዘርላንድ መድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞቹ ለዕረፍት በሄዱበት ሁሉ ትንሽ አፈር በላስቲክ ይዘው እንዲመጡ ይጠይቅ ነበር። በ1969 አንዱ ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ ከሚባል ብርዳም አምባ አፈር ይዞ መጣ። በአፈሩ ውስጥ የነበረ ፈንገስ ያወጣው ሳይክሎስፖሪን የተባለ ንጥረ ነገር በ1972 ሲመረመር ያልታሰበ ጠባይ አሳየ። ባዕድ አካልን የሚያባርሩትን ሕዋሳት ለይቶ ዝም ያሰኛል፤ የቀረውን የገላ መከላከያ እንደ ድሮዎቹ መድኃኒቶች ጠራርጎ አያጠፋም። ዣን ፍራንሷ ቦሬል የተባለው ተመራማሪ መድኃኒቱ ከሰው ሆድ ወደ ደም መግባቱን ለማወቅ ራሱ ጠጥቶ ሞከረው። ስታንፎርዶች በ1980 መጨረሻ ልብ ለተተከለላቸው ሰዎች መስጠት ጀመሩ። በ1983 አሜሪካ ፈቀደችው፤ ተዘግቶ የነበረው በርም በየአገሩ እንደገና ተከፈተ። ዛሬ ልብ ከተተከለላቸው 100 ሰዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ። ይኸው ፈንገስ ተፈጥሮ ላይ የጥንዚዛ እጭ በሽታ ሆኖ እንደሚኖር የታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው።

እስካሁን ሻጋታን ሳወድስ ቆየሁ፤ አሁን ፍርሃቱን ልንገራችሁ፤ ፍርሃቱ እውነት ነውና።

የበሽታ መከላከያው ሆን ተብሎ በተዳከመ ሰው ሳንባ ውስጥ አስፐርጊለስ ይበቅላል። ሁላችንም በየቀኑ ዘሩን ከአየር እንተነፍሰዋለን፤ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ያጠፋዋል፣ ልብ የተተከለለት ግን ላያጠፋው ይችላል። የተቀየረ ቫልቭ ያለውንም ሰው ካንዲዳ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ያደፍጥበታል። መንገዱ ብዙ ጊዜ በደም ሥር ላይ ለቀናት የቆየ የመድኃኒት ትቦ ነው። ቫልቩ ላይ ሲደርስ ይለጠፍና ራሱን በሚያሟልጭ ሽፋን ይሸፍናል፤ መድኃኒትም ነጭ ሕዋስም ከሽፋኑ በታች አይደርሱበትም። እዚያው ሆኖ ያድጋል፣ እየተቆረሰም ወደ አንጎልና ወደ እግር ደም ሥር ይሄዳል። ምርመራውም ያስቸግራል፤ አስፐርጊለስ ከደም ናሙና ላይ ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ሕክምናው ደረትን ዳግም ከፍቶ የተበከለውን ቫልቭ ማውጣትና ለረጅም ጊዜ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መስጠት ነው። ይህም ሁሉ ተደርጎ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ሴት ጆሮ የተገኘው ካንዲዳ ኦሪስ ደግሞ አልጋ ብረት ላይ ለሳምንታት ይቆያል፣ ብዙውን መድኃኒትም ተላምዷል።

ፈንገስን መግደል ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል? የእሱ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ የእኛን ስለሚመስል ነው። እሱን የሚጎዳው እኛንም ይጎዳል። ልዩነቱ ጥቂት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ቅባቱ ነው። የእኛ ሕዋስ ሽፋን በኮሌስትሮል ሲጸና የእነሱ ኤርጎስቴሮል በተባለ ወንድሙ ይጸናል። አብዛኞቹ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት እዚህች ላይ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ በተመሳሳይ ሐሳብ ተነሥቶ፣ አንዳንዱ ሻጋታ ሌሎች ጀርሞች ይህን መሰል ቅባት እንዳይሠሩ የሚያግድ መሣሪያ ይኖረዋል ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ፈተሸ። በ1973 ኪዮቶ ውስጥ ከእህል ቤት የተገኘ ሩዝ ላይ የነበረ ፔኒሲሊየም ውስጥ የፈለገውን አገኘ። ስታቲን የሚባሉት፣ የልብ ደም ሥር የጠበባቸው ሰዎች ለኮሌስትሮል የሚወስዷቸው ክኒኖች የመጡት ከዚያ ነው።

ለሰው የማይከፋ የመጀመሪያውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ያገኙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው ከፍሌሚንግ እኩል ቢጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ኤሊዛቤት ሄዘን ኒውዮርክ ከተማ፣ ራቸል ብራውን ኦልባኒ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሄዘን ከየቦታው አፈር ታስመጣለች፣ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት አራብታ ፈንገስ የሚገድለውን ትለያለች፤ የለየችውን በመስታወት ማሰሮ አድርጋ በፖስታ ለብራውን ትልካለች። ብራውን ገዳዩን ንጥረ ነገር አንጥራ በፖስታ ትመልስላታለች። በዚህ ምልልስ ቨርጂኒያ ከሚገኝ የወዳጅ የወተት ላም እርሻ ከመጣ አፈር ኒስታቲን ተገኘ፤ በ1950 ለዓለም አስታወቁ። የሕፃን ልጅ አፍ ነጭ ሲሆን ጠብ የሚደረገውን ቢጫ ፈሳሽ የምታውቁ እናቶች፣ እሱ ነው። ከሽያጩ የደረሳቸው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ሁለቱም ለራሳቸው አላደረጉትም፣ ለምርምር ሰጡት።

ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። ያን ጊዜ ልጅ ልቡን ለመሠራት አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት። እስራኤል ሆሎን ውስጥ ዶክተር አሚ ኮኸን በ1995 ያቋቋሙት ድርጅት በመጀመሪያ ሕክምና ከሰጣቸው ልጆች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ ኮኸን ራሳቸው በ2001 ኪሊማንጃሮን ሲወጡ ሕይወታቸው አለፈ። ጣሊያኖች ኻርቱም ውስጥ በ2007 በከፈቱት የልብ ሆስፒታልም የእኛ ሰዎች በነፃ ታክመዋል። በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች እየሠሩ የእኛዎቹ ያዩ ነበር፤ አሁን አገር ውስጥ የሠለጠኑ ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ይሠራሉ። ወረፋው ግን በሺህ ይቆጠራል፤ ማሽን ቢኖር የማሽኑ ማጣሪያ ያልቃል፣ እሱ ሲመጣ ቫልቭ ያጥራል። ወረፋ እየጠበቁ የሚሞቱት ደግሞ ወጣቶች ናቸው።

ስለዚህ ነው ያቺ ርካሽ የፔኒሲሊን መርፌ ላይ የምጸናው። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት፣ ያ ጉልበትና ክርን የሚያሳብጠው ሕመም፣ የያዘው ልጅ ሕመሙ ዳግም እንዳይመጣበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ቫልቩ ካልተነካ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል፣ ከተጎዳ ደግሞ ቢያንስ እስከ 40 ዓመት ዕድሜው ድረስ። መርፌው ወፍራም ነው፣ ያማል። መድኃኒቱ አሮጌና ርካሽ ስለሆነ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሲሰናከል በብዙ አገር ይጠፋል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ሰው ይሞትብናል ብለው መውጋት ይፈራሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ይህንን መርምሮ፣ ከመርፌው በኋላ ከሚከሰቱት ድንገተኛ ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ ልቡ አስቀድሞ እጅግ የደከመ በሽተኛ ላይ የሚደርሱ እንደሚመስሉ ገለጸ፤ ለእንዲህ ያሉት በአፍ የሚወሰደው ፔኒሲሊን እንዲታሰብ፣ ሌሎቹ ግን መርፌያቸውን እንዲቀጥሉ መከረ። ልጃችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ኢኮውን ያየውን ሐኪም ጠይቁ፤ መልሱም ካርዷ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ልጅቷ ውኃ ጠጥታ፣ ምግብ ቀምሳ፣ ጋደም ብላ ትወጋ። ቀጠሮዋ የአጨዳ ሰሞን ላይ ቢውል፣ ፈተና ላይ ቢውል፣ ቀኑን አታሳልፉት፤ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ከሌለ የት እንዳለ ከሳምንት በፊት ቀድማችሁ ጠይቁ።